ልዑል ራስ ስዩም መንገሻ፦ በማዕከልና በክፍለ ሀገር መካከል ያለፈ የአስተዳደር ዘመን

በትግራይ የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ በሥልጣን ላይ ከቆዩት መሪዎች አንዱ ልዑል ራስ ስዩም መንገሻ ናቸው። የአፄ ዮሐንስ አራተኛ የልጅ ልጅ የሆኑት ራስ ስዩም በዘውድ ሽኩቻ፣ በጠላት ወረራና በውስጥ ዓመፅ ውስጥ አልፈው በ1953 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት ዕለት ድረስ የትግራይ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆነው አገልግለዋል።

ራስ ስዩም የተወለዱት በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። አባታቸው ራስ መንገሻ ዮሐንስ ሲሆኑ፣ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ወራሻቸው አድርገው ያስታወቋቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ዘውዱ ወደ ሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተላለፈ። ራስ መንገሻ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ከአፄ ምኒልክ ጎን ተሰልፈው ቢዋጉም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማመፃቸው ተይዘው ወደ አንኮበር ተጋዙ፤ ሕይወታቸውም በዚያው አለፈ። የአባታቸው ዕጣ የልጃቸውን የፖለቲካ ሕይወት እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። ማዕከላዊው መንግሥት ከአፄ ዮሐንስ ቤት የሚወጣን መሪ ለአገልግሎቱ ሲፈልገው፣ በዚያው ልክ በጥርጣሬ ሲያየው ኖሯልና።

በዚያን ዘመን ትግራይ በሁለት የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጆች መካከል ተከፍላ ትተዳደር ነበር። ራስ ስዩም መቀመጫቸውን አድዋ አድርገው ምዕራቡን ክፍል ሲያስተዳድሩ፣ ራስ ጉግሣ አርአያ ሥላሴ ደግሞ ከመቀሌ ሆነው ምሥራቁን ይመሩ ነበር። ይህ ክፍፍል በሁለቱ ቤቶች መካከል የፉክክር መንፈስ እንዲሰፍን ከማድረጉም በላይ፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ የሰሜኑን የመከላከያ ኃይል አዳክሟል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ባደረጉት ጉብኝት ራስ ስዩም ከጎጃሙ ራስ ኃይሉና ከሌሎች መኳንንት ጋር አብረው ተጉዘዋል። በ1924 ዓ.ም. ልጃቸው ወለተ እስራኤል ከአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ጋር በመጋባታቸው በሁለቱ ቤቶች መካከል የጋብቻ ትስስር ተፈጠረ። በ1925 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ሲያርፉ ምሥራቅ ትግራይ ለልጃቸው ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተሰጠ።

የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር የመጀመሪያው ሸክም የወደቀው በራስ ስዩም ላይ ነበር። መንግሥት ጠብ አጫሪ ኢትዮጵያ ናት እንዳይባል በማሰብ የኢትዮጵያ ጦር ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ትእዛዝ አስተላልፎ ነበር። በዚህም ምክንያት ራስ ስዩም መቀመጫቸው የሆነችውን አድዋን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ፤ ከተማዋም መስከረም 25 ቀን በጠላት እጅ ገባች። በዚያው ሰሞን የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ለወራሪው ገቡ። ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ በመከፈቱም ከተማዋ በጥቅምት መጨረሻ ተያዘች።

ራስ ስዩም ከራስ ካሣ ኃይሉ ጋር በመሆን በተምቤን ተራሮች በጥርና በየካቲት 1928 ዓ.ም. በተካሄዱት ሁለት ታላላቅ ውጊያዎች ጦራቸውን መርተዋል። በመጀመሪያው ውጊያ የኢትዮጵያ ጦር በወርዕ በር የነበረውን የጠላት ኃይል ከብቦ እጅግ አስጨንቆት ነበር። ሆኖም የአውሮፕላን ድብደባውና የመርዝ ጋዙ ብርታት ድሉ ከፍጻሜ እንዳይደርስ አደረገ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው በተደረገው ወሳኝ ጦርነትም ከግንባር አዛዦች አንዱ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ከሄዱ በኋላ ራስ ስዩም ለኢጣሊያ እጃቸውን ሰጡ፤ የወረራውንም ዓመታት በጠላት ቁጥጥር ሥር አሳለፉ። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አከራካሪ ሆኖ የቆየው ይኸው ምዕራፍ ነው። ኢጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. መጨነቅ ሲጀምሩ በተሰሚነታቸው ለመጠቀም አስበው ወደ ትግራይ ቢመልሷቸውም፣ ራስ ስዩም ከነጻ አውጪው ወገን ተሰለፉ። ተከታዮቻቸው በአምባላጌ በተደረገው ውጊያ ተካፍለዋል፤ በዚያ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የአኦስታ መስፍንም በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጥተዋል።

ከነጻነት በኋላ ራስ ስዩም የትግራይ ገዥ ቢባሉም፣ ጥርጣሬው ባለመጥፋቱ አዲስ አበባ እንዲቆዩ ተደረገ። እርሳቸው በሌሉበት በ1935 ዓ.ም. በብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ የተመራው የወያነ ዓመፅ ተቀሰቀሰ። ዓመፁ የከበደ ግብር፣ የአስተዳደር በደልና የማዕከሉ ጣልቃ ገብነት የወለደው ነበር። ዓማፅያኑ መቀሌን እስከ መያዝ ደረሱ። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ በገበያ የተሰበሰበ ሰላማዊ ሕዝብም የጥቃቱ ሰለባ ሆነ። ዓመፁ በጦር ኃይል ከከሸፈ በኋላ አስተዳደሩን ለማረጋጋት በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቅ መሪ ማስፈለጉ አልቀረም። በመሆኑም ራስ ስዩም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ተመለሱ። አያታቸው የመንግሥታቸው መቀመጫ አድርገዋት የነበረችው መቀሌም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ቀጠለች።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። በአዲስ አበባ የነበሩት ራስ ስዩምም ከሚኒስትሮችና ከመኳንንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታገቱ። ሙከራው መክሸፉ ሲታወቅ በታጋቾቹ ላይ የጥይት እሩምታ ተከፈተ። ራስ ስዩም በዚያ ከተገደሉት አንዱ ሲሆኑ፣ የወያነን ዓመፅ ለመግታት ዘምተው የነበሩት ራስ አበበ አረጋይም አብረዋቸው ወደቁ።

ከእርሳቸው በኋላ የትግራይ አስተዳደር ለልጃቸው ለልዑል ራስ መንገሻ ስዩም ተሰጠ፤ እርሳቸውም እስከ 1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ መርተዋል። ራስ ስዩም የተገደሉበት ገነተ ልዑል ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ የትምህርትና የምርምር ስፍራ ሆነ። የሕይወት ታሪካቸው፣ የማዕከልና የክፍለ ሀገር ግንኙነት በመተማመን ላይ ካልተመሠረተ ከገዥው ይልቅ ተገዥው ሕዝብ የከፋ ዋጋ እንደሚከፍል የሚያስገነዝብ ነው።