ፒየር ኩሪ፦ የማግኔትን ወሰን የለካ መምህር

የኩሪን ስም የሰማ ተማሪ ሁሉ ወዲያው የሚያስበው ማሪ ኩሪንና ራዲየምን ነው። ተገቢም ነው። እኛ ግን ዘንድሮ ስለ ባለቤቷ ስለ ፒየር፣ ያውም ራዲየም ከመታወቁ በፊት ስለ ሠራው ሥራ ልንነግራችሁ ወደድን።

ፒየር እ.ኤ.አ. በ1859 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። ልጁ አንድ ነገር ከያዘ ሳይጨርስ ወደ ሌላ መዞር የማይሆንለት፣ ዝግተኛ ስለ ነበር ወላጆቹ ትምህርት ቤት ሳያስገቡ ቤት አስተማሩት። ትምህርት ቤት የምንመራ ሰዎች ይህን ስንጽፍ ትንሽ ቅር ይለናል፤ ቢሆንም አባትየው ልጃቸውን ያውቁት ነበር። በ18 ዓመቱ በፊዚክስ ተመረቀ።

በ1882 በፓሪስ ከተማ የፊዚክስና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን አሠለጠነ። የራሱ ቤተ ሙከራ ስላልነበረው በኮሪደር ላይ ይሠራ ነበር። የጋለ ብረት በማግኔት እንደማይሳብ ከእርሱ በፊትም ይታወቃል። ፒየር ግን ልዩ ልዩ ቁሶችን በምድጃ እያጋለ፣ ማግኔታዊ ኃይላቸው ከሙቀቱ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በትዕግሥት ለካ። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የማግኔትነት ጠባዩን ያጣል። በ1895 ለዶክትሬት ያቀረበው ይህን ጥናት ነው፤ ያ የሙቀት ወሰንም ዛሬ የኩሪ ነጥብ ይባላል።

ወሰኑ ግን በሰው እጅ ሊገፋ ይችላል። በ1950 ሆላንድ ውስጥ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ዮንከርና ቫን ሳንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ከላንታነም፣ ከማንጋኒዝና ከኦክሲጅን የተሠራ ቁስ አጠኑ። ቁሱ ብቻውን ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም፤ እንደ ብረትም ማግኔት አይሆንም። ከላንታነሙ ከፊሉን በስትሮንሺየም ወይም በካልሲየም ሲተኩት ግን ጠባዩ ተለወጠ። ይህ ዶፒንግ ይባላል፤ በሯጮች ዘንድ ከምንሰማው ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላንታነም ሦስት ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ስትሮንሺየም ሁለት ብቻ። ጉድለቱን አንዳንዱ ማንጋኒዝ ይሸፍናል፤ በዚህም ኤሌክትሮን ከአንዱ ማንጋኒዝ ወደ ሌላው የሚዘልበት ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ዝላዩ የሚቀለው የጎረቤታሞቹ ማግኔታዊ አቅጣጫ አንድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ማሳለፍና ማግኔትነት አብረው ይመጣሉ። ይህን በ1951 ያብራራው አሜሪካዊው ዚነር ነው። ከላንታነሙ 30 በመቶው በስትሮንሺየም ሲተካ የኩሪ ነጥቡ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፤ በዚያው መጠን ካልሲየም ሲገባ ግን ውሃ በረዶ ከሚሆንበትም በታች ይወርዳል። ለአንድ ንጥረ ነገር ለውጥ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው!

ፒየር በ1903 ከማሪና ከቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። መንግሥት የክብር ኒሻን ሊሰጠው ሲያስብ አልፈልግም አለ፤ የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ ነበር። የሚመኘውን ሳያገኝ፣ በሚያዝያ ወር 1906፣ በዝናብ መንገድ ሲሻገር የፈረስ ጋሪ ገጭቶት በ46 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ማሪ በሶርቦን የእርሱን ቦታ ተረክባ ማስተማር ጀመረች።