ስለ አልፍሬድ ቬገነር

አልፍሬድ ቬገነር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓመት በበርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስና መምህር ነበር። ልጁም የከዋክብትን ትምህርት ተምሮ በ1905 ሊቅ ከተባለ በኋላ፥ የነፋስንና የአየርን ጠባይ መመርመር መረጠ።

በ1910 የዓለምን ካርታ ሲመለከት፥ የአፍሪቃ ምዕራባዊ ዳርና የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳር እንደ ተቀደደ ብራና የሚገጥሙ መሆናቸውን አስተዋለ። ውቅያኖስ መሻገር የማይችል የአንድ ትንሽ አውሬ አጥንትም ደንጊያ ሆኖ በሁለቱ አገሮች ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ ክፍላተ ዓለም ሁሉ አስቀድሞ አንድ ምድር እንደ ነበሩ፥ በኋላም ተለያይተው እንደ ሄዱ በ1912 አስተማረ፤ በ1915ም መጽሐፍ ጻፈ።

ሊቃውንቱ ግን ይህን ያህል ከባድ ምድር የሚገፋው ምን እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱም የምድር መዞርና የፀሓይና የጨረቃ ስበት ሳይሆን እንደማይቀር መለሰ። ኀይሉ ሲሰላ ግን እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። በዚህስ ተቃዋሚዎቹ እውነት ነበራቸው፤ ስሕተታቸው የቀረውን ማስረጃ ሁሉ አብረው መናቃቸው ነው።

በ1930 ቬገነር ለአራተኛ ጊዜ ወደ ግሪንላንድ ሄደ። ግሪንላንድ በረዶ የሸፈናት ታላቅ ደሴት ናት። በመካከልዋ አየሩን እየመረመሩ ሊከርሙ ለነበሩ ሁለት ጓደኞቹ ስንቅ ሊያደርስ፥ ውሾች በሚጎትቱት መንሸራተቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ከብርዱ የተነሣ አብዛኞቹ ረዳቶች ተመለሱ፤ ስንቁም በመንገድ ቀረ። በዚያ የነበረው ምግብ ለሁሉም እንደማይበቃ ባየ ጊዜ፥ 50 ዓመት በሞላው ቀን፥ ራስሙስ ቪሉምሰን ከሚባል የግሪንላንድ ወጣት ጋር ለመመለስ ተነሣ። ሁለቱም በመንገድ ቀሩ። በ1931 በግንቦት ወር የቬገነር ሬሳ በጥንቃቄ ተቀብሮ ተገኘ፤ የቀበረው ቪሉምሰን ግን ከቶ አልተገኘም።

ምድርን የሚያንቀሳቅሳት የውስጥዋ ሙቀት እንደ ሆነ እንግሊዛዊው አርተር ሆልምስ ገና ቬገነር በሕይወት ሳለ አስቦ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ከ1960 በኋላ የባሕሩ ወለል ሲመረመር ነገሩ ተገለጠ። የምድር ቅርፊት በታላላቅ ንጣፎች የተከፈለ ነው። ከበታቹ ያለው ደንጊያ ጠንካራ ቢሆንም ከሙቀቱ ብዛት እጅግ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ በድስት እንዳለ ወጥ የሞቀው ይወጣል፥ የቀዘቀዘው ይወርዳል። የባሕሩም ወለል ንጣፍ ሲያረጅ ቀዝቅዞ ይከብዳል። ጫፉ ወደ ጥልቁ ሲሰጥም፥ ከመደብ ላይ ጫፉ የወረደ ጋቢ ሌላውን ጎትቶ እንደሚያወርድ፥ እንዲሁ የቀረውን ንጣፍ ይጎትተዋል። ዋነኛው ኀይል ይህ ነው። የሚሄደውም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር፥ የጣት ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው።

ቬገነር ግሪንላንድ ከአውሮፓ እንደምትርቅ በልክ ሊያሳይ ደክሞ ነበር፤ የዘመኑ መሣሪያ ግን አሳሳተው። ዛሬ በሳተላይት ሲለካ፥ እርሱ የተቀበረባት ያች ደሴት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአውሮፓ ትርቃለች።