ንጉሥ ኢዛናና አምስቱ ምስሎች

ብልህ ግንበኛ ድንጋይን ከመጥረቡ በፊት በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ድምፁ የጠራ እንደ ሆነ ድንጋዩ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ እንደ ሆነ ግን በውስጡ ስንጥቅ አለበትና ይተወዋል። በመቐለ ከተማ የሚታየው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ከተሠራ ከ130 ዓመት የበለጠ ጊዜ አልፏል፤ ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ለአንድ ግድግዳ ይህን ያህል የሚታሰብ ከሆነ፣ የሰውን መልክ አግዝፎ ለዘመናት ሊያቆም የሚወድ ሰውማ የሚሠራበትን ነገር እንዴት አብልጦ ሊመርጥ ይገባዋል!

ለምስል ሥራ የሚሆን ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም በጎነትና ጉድለት አለው። ጭቃ ለእጅ ይታዘዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዝናም ያፈርሰዋል። በእሳት ቢተኮስ ይጠነክራል፤ ሆኖም ምስሉ ትልቅና ወፍራም ሲሆን በእሳቱ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨት ቀላል ነው፣ በመሮም ይቀረጻል፤ ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳትም ያቃጥለዋል። በመቐለ ዙሪያ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ለመሮ የሚለዝብ ነው፤ ዝናም ግን ብዙ ዘመን ሲወርድበት መልኩን ይልጠዋል። ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ ዝናምንና ፀሐይን ይችላል፤ ነገር ግን የጠራቢውን ክንድ ያደክማል፣ መሮውንም ያደንዛል። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ በአንድነት ቀልጠው የሚሆኑት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ በቅርጽም ውስጥ እንደ ውኃ ይፈሳል። ብር ያበራል፤ ወርቅም አይዝግም። ሁለቱ ግን ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ሌባም ይወዳቸዋል።

በትግራይ ምድር ከጥንት ጀምሮ ይህን ምርጫ የመረጡ ሰዎች ነበሩ። ከመቐለ በስተ ሰሜን በውቅሮ አጠገብ፣ መቃብር ጋዕዋ በሚባል ስፍራ፣ በ2000 ዓ.ም. የጥንት ቤተ ጣዖት ከመሬት ውስጥ ተገኘ። በዚያም የተቀመጠች ሴት ምስል ነበረች፤ የተቀረጸችውም ከኖራ ድንጋይ ነው። ይህች ምስል ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሠራች ናት። አፈር ከዝናም ስለ ጠበቃት፣ ድንጋይነቷም ለሌባ ስለማይረባው፣ እስከ ዛሬ ቆየች። ከእርስዋም ዘመን በኋላ ወደ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ በአክሱም ኢዛና የሚባል ታላቅ ንጉሥ ተነሣ።

ኢዛና የንጉሥ እለ አሚዳ ልጅ ነው፤ የነገሠውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። አባቱ በሞተ ጊዜ እርሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ እናቱ መንግሥቱን ትጠብቅ ነበር። በዚያም ዘመን ከጢሮስ አገር የመጡ ሁለት ወንድማማች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ፣ በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ ነበር። እነርሱ በልጅነታቸው በመርከብ ሲሄዱ በቀይ ባሕር ዳር ተማርከው ወደ ንጉሡ የቀረቡ ናቸው። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም ብልህ ስለ ነበረ የንጉሡን ገንዘብና ጽሕፈት ይጠብቅ ነበር። ንግሥቲቱም ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን ለመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ረዷት።

ኢዛናም አድጎ መንግሥቱን በእጁ ያዘ። ግዛቱ ሰፊ፣ ንግዱም የበዛ ነበር፤ መርከቦች ከአዱሊስ ወደብ እየተነሡ የዝሆን ጥርስንና ሌላውን ሸቀጥ ወደ ሩቅ አገር ይወስዱ ነበር። የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን ገንዘብ ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐስ ያሠሩ ነበር። ለትልቅ ንግድ ወርቁ፣ ለገበያም ነሐሱ ይሆን ነበር። ሠራተኞቹም በብርና በነሐስ ገንዘብ ላይ አንዳንድ ጊዜ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ብቻ ጥቂት ወርቅ ይለብጡ ነበር። በዚህም ወርቅን በሚያስፈልግበት ስፍራ ብቻ ማዋል ታላቅ ብልሃት መሆኑን አሳዩ።

ከዚህ በኋላ በሰሜን የሚኖሩ የቤጃ ሰዎች ዐመፁ። ኢዛናም ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ከሠራዊት ጋር ላከ። ወንድሞቹም ድል አድርገው ስድስት የቤጃ ነገሥታትን ከሕዝባቸው ጋር ማርከው አመጡ፤ ቍጥራቸውም 4,400 ነበረ። ኢዛና ግን ምርኮኞቹን አላጠፋቸውም፤ በሌላ አገር ሊያሰፍራቸው ወደደ። እስኪደርሱም ድረስ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ 22,000 የስንዴ እንጀራ ይሰጣቸው ነበር፤ ይህም ሲካፈል ለአንዱ ሰው በቀን አምስት ይደርሰዋል። ሥጋና መጠጥም አልተከለከሉም። በሰፈሩም ጊዜ 25,140 ከብት ሰጣቸው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ንጉሥ 4,190 ማለት ነው። ጠላትን ካሸነፉ በኋላ መመገብ ከማሸነፍ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ኢዛና በዚያ ጊዜ ገና ክርስቲያን አልነበረም፤ የአባቶቹን የጦር አምላክ መሕረምን ያመልክ ነበር። ስለ ድሉም ምስጋና ለመሕረም አምስት ምስሎች አቆመ። አንዱ ከወርቅ፣ አንዱ ከብር፣ ሦስቱም ከነሐስ የተሠሩ ነበሩ። በዚህ ምርጫ የንጉሡ ሐሳብ ይታያል፤ ክብሩን በወርቅና በብር አሳየ፣ ቍጥሩን ግን በነሐስ አበዛ።

የነሐስ ምስል መሥራት ቀላል አይደለም። አንጥረኞች ትልቅ ምስል ሲያፈሱ በብዙ አገር የሚከተሉት ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድመው መልኩን በጭቃ ያበጃሉ፤ በጭቃው ላይ ሰም ይቀቡና ዓይኑን፣ አፍንጫውንና የልብሱን እጥፋት በሰሙ ላይ ይቀርጻሉ። ከዚህም በኋላ ሰሙን እንደ ገና በሌላ ጭቃ ይሸፍኑታል። በእሳት ሲያሞቁት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በነበረበት ባዶ ስፍራም የቀለጠውን ነሐስ ያፈስሳሉ። ነሐሱ ሲበርድ ጭቃውን ሰብረው ምስሉን ያወጣሉ። በዚህ ብልሃት ምስሉ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ነሐስ አያባክንም፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ርካሹ ጭቃና ለስላሳው ሰም ለውዱ ነሐስ አገልጋዮች ናቸው፤ ሥራው ሲፈጸም ግን ማንም አያያቸውም።

በአክሱም እጅግ ግዙፍ የሆነ ምስል ቆሞ እንደ ነበረም ምልክት አለ። በ1898 ዓ.ም. ከጀርመን አገር የመጡ ሊቃውንት በአክሱም ሲመረምሩ የምስል መቆሚያ የነበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ። በድንጋዩም ላይ የምስሉ እግሮች የገቡባቸው ጕድጓዶች ነበሩ፤ የአንዱ እግር ርዝመት 92 ሴንቲሜትር ነው። የሰው ቁመት የእግሩን ርዝመት ከስድስት ጊዜ በላይ ያህላል። እንግዲህ 92 በስድስት ሲባዛ 552 ይሆናልና፣ ምስሉ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ነበረው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምስል ከሦስት ሰው ቁመት አያንስም። ዛሬ ግን ከእርሱ የቀረው የእግሩ ስፍራ ብቻ ነው።

ኢዛና ምስሎቹን ባቆመ ጊዜ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አደረገ። የዘመቻውን ታሪክ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ለሩቅ አገር ሰዎች በግሪክኛ አጻፈው፤ ለአገሩም ሰዎች በግዕዝ ቋንቋ አንዱን በሳባ ፊደል፣ ሁለተኛውን በግዕዝ ፊደል አጻፈው። የነገሥታቱ ቍጥር፣ የእንጀራው ብዛት፣ የከብቱ ስጦታ፣ የአምስቱም ምስሎች ነገር ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ድንጋዩ ወርቅ አይደለም፣ ብርም አይደለም፤ ከአገሩ ተራራ የተፈለጠ ነው።

ከዚያም የንጉሡ ሃይማኖት ተለወጠ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከሊቀ ጳጳሳቱ ከአትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፤ የኢትዮጵያም ሰዎች አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለው ጠሩት። ኢዛናም በክርስቶስ አመነ። ቀድሞ በገንዘቡ ላይ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ነበረ፤ ከዚህ በኋላ ግን የመስቀል ምልክት ተደረገ። ወሬውም ሩቅ ሄዶ ነበርና፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ356 ዓመት ገደማ የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ስለ ፍሬምናጦስ ደብዳቤ ጻፈላቸው። በአገራችን ታሪክ አብርሃና አጽብሓ የሚባሉት ነገሥታት ኢዛናና ሳይዛና ናቸው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራው ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም በውቅሮ አጠገብ ይገኛል።

በመጨረሻም የኖባ ሰዎች መሐላቸውን አፍርሰው ጎረቤቶቻቸውን ስላስጨነቁ ኢዛና ዘመተባቸው። በተከዜ ወንዝ መሻገሪያ ተዋግቶ ድል አደረጋቸው፤ የሸሹትንም 23 ቀን ተከተላቸው። ስለዚህ ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ለመሕረም ምስጋና የለም፤ ድሉን ለሰማይ ጌታ ሰጠ። የወርቅ፣ የብር ወይም የነሐስ ምስልም አላቆመም፤ ያቆመው መንበር ነው። ጽሑፉም ሌላ አዲስ ነገር አለበት። በፊተኛው የግዕዝ ጽሑፍ ፊደሎቹ ምልክት ስለሌላቸው አንባቢው ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ከነገሩ ሐሳብ መገመት ነበረበት። በዚህኛው ግን ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ተለይተው ተጻፉ። ዛሬ ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚቆጥሩት ፊደል በኢዛና ዘመን እንዲህ በድንጋይ ላይ ታየ።

ኢዛና ሞተ፤ ዘመንም አለፈ። ከአምስቱ ምስሎች ዛሬ አንዱ እንኳ አይገኝም። የወርቅና የብር ምስል ዕድሉ በየአገሩ አንድ ነው፤ ችግር ወይም ጦርነት በመጣ ጊዜ ይቀልጥና ገንዘብ ወይም ጌጥ ይሆናል። ነሐስም ቀልጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደረገው ጠባይ ለሠራተኛው ጠቀመው፤ ያው ጠባይ ደግሞ ለአጥፊው ጠቀመው። ድንጋዩ ግን ማንም ሰርቆ አያተርፍበትምና በስፍራው ቀረ። የዚያው የቤጃ ዘመቻ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ድንጋይ ደግሞ በአክሱም አጠገብ ገበሬዎች እርሻቸውን ሲቆፍሩ ተገኘ። ምስሎቹ እንደ ነበሩ ዛሬ የሚታወቀው በድንጋዩ ምስክርነት ነው። ወርቁ ለራሱ መመስከር አልቻለም፤ ስለ ወርቁ የመሰከረው ድንጋይ ነው።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው፣ ሥራ ስትጀምሩ ዋጋው የከበደውን ሳይሆን ለሥራው የሚስማማውን ምረጡ። ለዕለት የሚሆን እንደ ሆነ ጭቃም ይበቃል፤ ለብዙ ዘመን የሚቆይ እንደ ሆነ ግን የሚደክሙበትን ጠንካራ ነገር መምረጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ ሰው ለክብሩ ያቆመው ሲጠፋ ለሌላው ያደረገው በጎ ነገር ይታሰባል። አምስቱ ምስሎች የሉም፤ የተራቡ ምርኮኞች በየቀኑ አምስት አምስት እንጀራ እንደ ተሰጣቸው ግን ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያነባል።