ሠሪን መስደብ እኔን መስደብ ነው ብለው ያወጁት ንጉሥ፦ ዳግማዊ ምኒልክና የእጅ ሙያ

አሜሪካ ውስጥ የድሮ የእጅ መሣሪያ እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አንድ አሮጌ የስታንሊ መላጊያ ሲያገኙ መጀመሪያ ገልበጥ አድርገው ያዩታል። የፋብሪካው ስም፣ አንዳንዴም የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ቀን ብረቱ ላይ ስላለ፣ ዕቃው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ከዚያ ይለያሉ።

እኛ ጋስ? የአያቶቻችንን መጥረቢያ ብትገለብጡት አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስም የለም። ጽሕፈት አለመስፋፋቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከባድ ነው፤ እሱን ለመለወጥ የሞከሩ አንድ ንጉሥ ነበሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ አንኮበር ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ የይፋትን ቆላ ቁልቁል የምታይ ተራራ ላይ ናት። ከባሕር የሚመጣ ዕቃ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በይፋት በኩል፣ በአልዩ አምባ ገበያ አድርጎ ነበር ወደ ቤተ መንግሥት የሚወጣው። በ1833 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ጠመንጃና መድፍ ይዞ ለሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ይፋት ራሱም የአርጎባ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች አገር ነው።

በ1848 አባታቸው ኃይለ መለኮት ሞቱ። ልጁ ምኒልክ በዐፄ ቴዎድሮስ ተይዘው መቅደላ ገቡ። ያ ዘመን ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ፈረንጆችን መድፍ የሚያሠሩበት ዘመን ነበር። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ።

በ1871 አልፍሬድ ኢልግ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ሙያውን ለመፈተን መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሰፋ ነው ይባላል። ሰውየው በኋላ ድልድይ ሠራ፣ ለቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ፣ በ1886 ደግሞ የባቡሩን ፈቃድ ተቀበለ። ምኒልክም ዝም ብለው አያዩም ነበር። ያገኟቸው ፈረንጆች እንደጻፉት፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ፈታትተው አሠራሩን ማየት ይወዱ ነበር።

በ1896 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ተፈራረመ። የአሜሪካ አቡጀዲ እኮ ከሱ በፊት ገበያችን ገብቶ ነበር!

ታዲያ የውጭው ዕቃ እንዲህ ሲከበር የራሳችን ሠሪ ምን ይባል ነበር? ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ። ቆዳ ሠሪው ፋቂ። ሸማኔውም ከስድብ አላመለጠም። ሰው በቀጥቃጩ ማረሻ አርሶ እየበላ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም ነበር።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በዚህ ላይ አዋጅ አወጡ። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው በሙያው አይሰደብ፤ ባለሙያን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል። አድዋ ላይ ያሸነፉት ንጉሥ የቀጥቃጩን ስድብ የራሳቸው ስድብ አደረጉት ማለት ነው።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባም አላዩም። ስድቡ ደግሞ ከአዋጁም በኋላ ቀረ ማለት አይቻልም፤ ዛሬም በየሰፈሩ በሹክሹክታ የሚወራ አለ።

ሙያው የሚያሰድበው ሰው ስሙን መጥረቢያው ላይ ለምን ይጽፋል?

እስቲ እናንተ ቤት ያለውን አሮጌ መጥረቢያ፣ ማረሻ ወይም ቢላ ማን እንደሠራው ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ስሙን የሚያስታውስ ካገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።