ክሎድ በርናርድ፦ ጉበት ስኳር እንደሚሠራ ያሳየው ሐኪም

እራት ሳይበሉ አድረው ጠዋት ሲለኩ ስኳርዎ ከፍ ብሎ ያውቃል? ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት የዚህን ሰው ታሪክ ያንብቡ።

ክሎድ በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1813 በፈረንሳይ ከወይን አምራች ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሊዮን ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ተውኔት ጸሐፊ ለመሆን ፓሪስ ቢሄድም ሕክምና እንዲማር ተመክሮ ሐኪም ሆነ።

በዚያን ዘመን ስኳር የሚሠሩት ዕፅዋት ብቻ እንደሆኑ ይታመን ነበር። በርናርድ ግን በ1848 ሥጋ ብቻ ከበላ ውሻ ጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። በ1855 ደግሞ አንድን ጉበት ስኳሩ እስኪጠፋ ድረስ በውኃ አጠበው፤ በማግስቱ ሲመረምረው ስኳሩ ተመልሶ ነበር። በ1857 ምንጩን ለይቶ አወጣ፤ ግላይኮጅን ብሎም ሰየመው።

ግላይኮጅን ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሚፈጥሩት ሰንሰለት ነው። ከምግብ በኋላ ጉበት በኢንሱሊን እገዛ ቅንጣቶቹን አያይዞ ያከማቻል። ሲጾሙ ወይም ሲተኙ ሰንሰለቱን እየፈታ ግሉኮስ ወደ ደም ይለቃል። የስኳር ሕመም ካለብዎ ኢንሱሊን በበቂ ስለማይሠራ ጉበት ሌሊቱን ከሚገባው በላይ ሊለቅ ይችላል።

ስለዚህ እራት መተው መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ እንክብል ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። መድኃኒትዎን በራስዎ አይቀይሩ። የጠዋት ልኬትዎን መዝግበው ለሐኪምዎ ያሳዩ።

በርናርድ በ1878 ሲያርፍ ፈረንሳይ በመንግሥት ደረጃ በክብር ቀበረችው።