ጁሴፔ ቬርዲ፡- የኮንሰርቫቶሪው በር የተዘጋበት የሙዚቃ ሊቅ

በኦፔራ ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው ከመቃብር በላይ ከዋለ ጠበብት መካከል ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ከድርሰቶቹ መካከል «ሪጎሌቶ»፣ «ላ ትራቪያታ» እና «አይዳ» ዛሬም በዓለም ታላላቅ መድረኮች ይቀርባሉ። ይህ ሰው ግን ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ከተወለደበት ግዛት ድንበር ተሻግሮ ሚላን ከተማ በሚገኘው የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ለመማር አመልክቶ፣ ተፈትኖ፣ አትገባም ተብሎ የተመለሰ ነበር። ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1832 ነው።

ቬርዲ የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1813 በሰሜን ጣሊያን ቡሴቶ ከተባለች አነስተኛ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሌ ሮንኮሌ በተሰኘች የገጠር መንደር ነው። አካባቢው በዚያን ጊዜ በናፖሊዮን ግዛት ሥር ስለነበር የልደቱ መዝገብ በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ ስሙም ጆሴፍ ተብሎ ሰፍሯል። አባቱ ካርሎ ቬርዲ አነስተኛ የመሸታና የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ነበራቸው፤ እናቱ ሉዊጃ ኡቲኒ ደግሞ በፈትል ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ቤተሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም፣ አባት የልጃቸውን ዝንባሌ አይተው ስፒኔት የምትባል የፒያኖ ዘመድ የሆነች አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ገዙለት። መሣሪያዋ በተበላሸች ጊዜ የጠገናት ባለሙያ የልጁን የመማር ፍላጎት አይቶ የድካሙን ዋጋ ሳይቀበል መሄዱ ይነገራል። ቬርዲ ይህችን ስፒኔት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከእጁ አላወጣትም።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የመጀመሪያ መምህሩ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ቦታውን የተረከበው አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ቬርዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ለትምህርት ወደ ቡሴቶ ከተዛወረ በኋላም በየእሑዱና በየበዓሉ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ እየተጓዘ የመንደሩን ኦርጋን ይጫወት ነበር።

በቡሴቶ ሁለት ሰዎች ሕይወቱን ለወጡት። አንደኛው የከተማዋ የሙዚቃ መምህርና የቤተ ክርስቲያኗ የሙዚቃ ኃላፊ ፈርዲናንዶ ፕሮቬሲ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው አንቶኒዮ ባሬዚ ናቸው። ባሬዚ የሸቀጣ ሸቀጥና የመጠጥ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሙዚቃን ከልባቸው የሚወዱና የከተማዋን የሙዚቃ አፍቃሪዎች ማኅበር የሚመሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1831 ቬርዲን ወደ ቤታቸው አስገብተው እንደ ልጅ ያዙት። ሴት ልጃቸው ማርጋሪታም ከእሱ ፒያኖና ድምፅ ትማር ጀመር፤ በሁለቱ ወጣቶች መካከል ፍቅር ለማደግ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

ፕሮቬሲ የሚያውቁትን አስተምረው ሲጨርሱ ተማሪያቸው ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ እንዳለበት ግልጽ ሆነ። ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? በቡሴቶ ለችግረኛ ተማሪዎች ድጎማ የሚሰጥ አንድ ነባር የበጎ አድራጎት ተቋም ነበር። አባት ካርሎ ቬርዲ ለልጃቸው ድጎማ እንዲሰጥ በ1831 አመለከቱ። ተቋሙ በዓመት 300 ሊሬ፣ ለአራት ዓመታት ለመስጠት ተስማማ፤ ሆኖም ድጎማው በሌሎች ተማሪዎች ተይዞ ስለነበር ለቬርዲ የሚደርሰው ከ1833 መገባደጃ ጀምሮ ሆነ። ለልጁ ያ ሁሉ ጊዜ የሚባክን አልነበረም። ዕድሜው በገፋ ቁጥር የመግባት ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። በመሆኑም ድጎማው እስኪደርስ ያለውን ወጪ ባሬዚ ከኪሳቸው ለመሸፈን ቃል ገቡ።

የዛሬው አንባቢ ቡሴቶና ሚላን የአንድ አገር ከተሞች መሆናቸውን ስለሚያውቅ የውጭ አገር ትምህርት መባሉ ሊያስገርመው ይችላል። በዚያን ዘመን ግን ጣሊያን የምትባል አንድ አገር አልነበረችም። ቡሴቶ የናፖሊዮን ሁለተኛ ሚስት የነበሩት ማሪ ሉዊዝ የሚያስተዳድሩት የፓርማ መስፍናዊ ግዛት አካል ነበረች። ሚላን ደግሞ ከቬኒስ ጋር ተዳምራ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነበረች። ቬርዲ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ከተማ ለመሄድ ፓስፖርት ማውጣት ነበረበት። እዚያ ሲደርስም በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የባዕድ አገር ዜጋ ተብሎ ነው።

የመግቢያ ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1832 የተጻፈ ነው። የኮንሰርቫቶሪው ደንብ ተማሪዎችን የሚቀበለው ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ አመልካቹ ደግሞ 19ኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ቬርዲ ይህንን አልደበቀም። ልዩ ተሰጥኦ ላለው ሰው ደንቡ የሚፈቅደው አስተያየት እንዲደረግለትና ራሱ ከፍሎ እንዲማር ነው የጠየቀው።

በፈተናው ዕለት በዘመኑ ዝነኛ የነበረውን የሄንሪ ሄርዝን አንድ የፒያኖ ድርሰት ተጫወተ፤ የራሱን ድርሰቶችም ለመርማሪዎቹ አቀረበ። የፒያኖ መምህሩ አንጄሌሪ የእጁ አያያዝ የተሳሳተ መሆኑን፣ በ18 ዓመት ዕድሜም ይህን ማረም አስቸጋሪ እንደሚሆን አስተያየት ሰጡ። የትምህርቱ የበላይ ኃላፊ ፍራንቼስኮ ባዚሊ ደግሞ ድርሰቶቹን መርምረው፣ አመልካቹ የድርሰትን ሕግ በትጋትና በትዕግሥት ቢማር ያለውን የፈጠራ ኃይል በአግባቡ ሊመራና ጥሩ ደራሲ ሊወጣው እንደሚችል ለተቋሙ የበላይ ጠባቂ በጽሑፍ አሳወቁ። ውሳኔው ግን አልቀበልም የሚል ሆነ። ዕድሜው ከደንቡ ያለፈ፣ ዜግነቱ የሌላ ግዛት፣ የፒያኖ አያያዙ የማይቃና፤ በዚያ ላይ የተማሪዎች ማደሪያው የተጣበበ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው መርማሪዎቹን ጆሮ የሌላቸው አላዋቂዎች አድርጎ ነው። ሰነዶቹን ላስተዋለ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ባዚሊ የልጁን ተስፋ አይተዋል፤ የአንጄሌሪ ትችትም ከሙያ አንጻር ስህተት አልነበረም፤ ቬርዲም የፒያኖ ጠቢብ ሆኖ አያውቅም። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የፒያኖ ጣቶችን በሚመዝን ሚዛን የሙዚቃ ደራሲን መመዘኑ ላይ ነው። ደንቡ ራሱ ለልዩ ተሰጥኦ የከፈተውን በር ለማንኳኳት የመጣ አመልካች በአራት ምክንያቶች ተደራርቦ ሲዘጋበት፣ አንዱም ምክንያት ብቻውን ሐሰት አለመሆኑ ሐዘኑን የሚያብስ እንጂ የሚያቀል አይመስልም።

በቡሴቶ የሚጠብቁት ሰዎች ተስፋ በዚያ ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ባሬዚ ዜናውን ሲሰሙ ልጁን ወደ ቤት አልጠሩትም። የቫዮሊን ሊቁ አሌሳንድሮ ሮላ ቬርዲ በከተማዋ ውስጥ በግል የሚያስተምር መምህር እንዲፈልግ መከሩት፤ ምርጫውም ቪንቼንዞ ላቪኛ ሆኑ። ላቪኛ በናፖሊ የተማሩ፣ በላ ስካላ ቲያትር ለረጅም ዓመታት በሙዚቃ መሪነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የሚገርመው በዚያው ቬርዲን በመለሰው ኮንሰርቫቶሪም የሚያስተምሩ መሆናቸው ነው። ተቋሙ የነፈገውን ትምህርት ከተቋሙ መምህር በገንዘብ ገዛ ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ደግሞ የባሬዚ ነበር። የመምህሩ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የልብስ፣ የፒያኖ፣ የኖታ መጻሕፍትና የላ ስካላ መግቢያ ወጪ ከድጎማው እጅግ የላቀ ነበር፤ በወር ሲሰላ 25 ሊሬ ብቻ የሆነው ድጎማ ይህን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም ነበር።

ትምህርቱ ጥብቅና ደረቅ ነበር። ቬርዲ ወደ ኋላ ሲያስታውስ፣ ላቪኛ ለሦስት ዓመታት ያህል ፉግና ካኖን የሚባሉትን ዜማን በዜማ ላይ የማቀናጀት ልምምዶች ብቻ እንዳሠሩት፣ ለኦርኬስትራ መጻፍን ግን ማንም እንዳላስተማረው ይናገር ነበር። ቀን በልምምዱ፣ ማታ ደግሞ በላ ስካላ መድረክ ፊት ተቀምጦ የዘመኑን ኦፔራዎች ይሰማል። በአንድ ክፍል ተዘግቶ የሚማር የኮንሰርቫቶሪ ተማሪ የማያገኘውን የመድረክ ዕውቀት በዚህ መልክ ሸመተ።

ፕሮቬሲ በ1833 ሲሞቱ ቡሴቶ ተተኪውን በመምረጥ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለች። ካህናቱ ሌላ ሰው ሾሙ፤ የሙዚቃ ማኅበሩ ወገን ግን ቬርዲን ይፈልግ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ ቬርዲ በ1836 በፓርማ ተፈትኖ የከተማዋ የሙዚቃ መምህር ሆነ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 4 ቀን ማርጋሪታ ባሬዚን አገባ። ደስታው ግን አልሰነበተም። ሴት ልጃቸው በ1838፣ ወንድ ልጃቸው በ1839፣ ማርጋሪታ ራሷ በሰኔ 1840 በሞት ተለዩት። በመካከሉ የመጀመሪያ ኦፔራው «ኦቤርቶ» በኅዳር 1839 በላ ስካላ ቀርቦ ጥሩ አቀባበል ቢያገኝም፣ ሚስቱን በቀበረ በጥቂት ወራት ውስጥ የቀረበው ሁለተኛው፣ ያውም አስቂኝ ኦፔራ፣ በተመልካች ጩኸት ወደቀ።

ቬርዲ ሙዚቃን ሊተው ተቃርቦ ነበር። የመለሰው «ናቡኮ» ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1842 በላ ስካላ የታየው ይህ ኦፔራ በዚያው ዓመት መጸው ብቻ 57 ጊዜ ተደጋግሞ ቀረበ። የሚላን ኮንሰርቫቶሪ ከመለሰው አሥር ዓመት አልሞላም ነበር። በ1847 «ማክቤዝ»ን ለባሬዚ በመታሰቢያነት አበረከተ፤ ከዚያም ከ1851 እስከ 1853 ባለው ጊዜ «ሪጎሌቶ»፣ «ኢል ትሮቫቶሬ»ና «ላ ትራቪያታ» ተከታትለው ወጡ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉም የምትቀርበው «አይዳ» ናት። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ያዘዙትና 150 ሺህ ፍራንክ የከፈሉበት ይህ ኦፔራ፣ በግብፅ ተማርካ በባርነት የምትኖር የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልትና የአባቷን የንጉሥ አሞናስሮን ታሪክ የሚተርክ ነው። አልባሳቱና የመድረክ ዕቃዎቹ የተሠሩት በፓሪስ ስለነበር፣ ከተማዋ በፕሩሲያ ጦር ስትከበብ ትርኢቱ ዘግይቶ እ.ኤ.አ. ታህሳስ 24 ቀን 1871 በካይሮ ቀረበ። ቬርዲ በቦታው አልተገኘም። በመድረኩ ላይ ድል የግብፅ፣ ምርኮ የኢትዮጵያ ነበር። ኬዲቩ ከአራት ዓመታት በኋላ ጦራቸውን በእውን ወደ ኢትዮጵያ ሲያዘምቱ ግን በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል ተመትተዋል።

በዚያው በ1871 መጀመሪያ ላይ ታዋቂው የናፖሊ ኮንሰርቫቶሪ ቬርዲን ዳይሬክተር እንዲሆን ጋብዞት ነበር፤ አልተቀበለም። የጣሊያን መንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችን አደረጃጀት ለማሻሻል ያቋቋመውን ኮሚሽን ግን በሊቀመንበርነት መርቷል። አንድ ጊዜ ለተማሪነት ያልበቃ የተባለ ሰው የኮንሰርቫቶሪዎችን ደንብ እንዲያርም መጠራቱ ለራሱም ሳይገርመው አልቀረም።

የተወለደበት አካባቢም ቢሆን ከእሱ ጋር የነበረው ግንኙነት የሰመረ አልነበረም። የቡሴቶ ሰዎች ያን የ300 ሊሬ ድጎማ እያነሱ ቬርዲን ያፈራነው እኛ ነን ማለታቸው ያበሳጨው ነበር። በአራት ዓመት 1200 ሊሬ መሆኑን እያሰላ፣ ሙሉ ውለታው የባሬዚ እንደሆነ ይከራከራል። ከተማዋ በስሙ ላሠራችው ቲያትር 10 ሺህ ሊሬ ሰጠ፤ በ1868 ሲከፈት ግን አልሄደም፤ ከዚያም በኋላ አልረገጠውም። ባሬዚ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በሐምሌ 1867 አርፈው ነበር።

ቬርዲ «ኦቴሎ»ን በ1887፣ «ፋልስታፍ»ን በ1893 ለመድረክ ካበቃ በኋላ የመጨረሻ ጉልበቱን ያዋለው በሚላን ባሠራው የጡረተኛ ሙዚቀኞች መኖሪያ ቤት ላይ ነው። ጥሪት ሳይቋጥሩ ያረጁ ዘፋኞችና ተጫዋቾች የሚጠለሉበትን ይህን ቤት ከሞቱ በኋላ ከድርሰቶቹ በሚገኘው ገቢ እንዲተዳደር አደረገ፤ ምስጋናን ሽሽት እሱ በሕይወት እያለ ሰው እንዳይገባበትም አዘዘ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1901 በሚላን አረፈ፤ ከአንድ ወር በኋላ አስከሬኑ ወደዚሁ ቤት ሲዛወር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኝቶታል። መኖሪያ ቤቱም በ1902 ለመጀመሪያዎቹ አረጋውያን በሩን ከፈተ።

በእርጅናው ዘመን የሚላን ኮንሰርቫቶሪን በስሙ የመሰየም ሐሳብ በተነሳ ጊዜ ቬርዲ አልወደደውም፤ በወጣትነቱ ያልፈለጉትን በሽምግልናው ሊያገኙት እንደማይገባ ይሰማው ነበር። ተቋሙ ስሙን የወሰደው እሱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የጁሴፔ ቬርዲ ኮንሰርቫቶሪ ተብሎ ይጠራል። የ1832ቱን ማመልከቻ ግን ቬርዲ ዕድሜ ልኩን ጠብቆ አቆይቶት ነበር፤ በላዩም የቀረበበትን ቀንና ተቀባይነት አለማግኘቱን በገዛ እጁ ጽፎበታል።