ጊታር መምታት ሳያውቅ ጊታርን ያናገረ ሰው

በሙዚቃ አዳራሽ ውስጥ ጊታር ሲደመጥ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ጣቶቹ በክሮቹ ላይ የሚሯሯጡትን ተጫዋች ነው። ከተጫዋቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጦ ያን ቀጭን ድምፅ አዳራሽ እንዲሞላ የሚያደርገውን ሣጥን ልብ ብሎ የሚመለከተው ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ስለዚሁ ሣጥንና ሣጥኑን በእጁ እየሠራ ለዓለም ስላዳረሰው ስለ ሊዮ ፌንደር ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለመተረክ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሊዮ ፌንደር በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል ብርቱካን ያለሙ ከነበሩ ገበሬዎች ቤት ኦገስት 10 ቀን 1909 ዓ.ም. ተወለደ። ስምንት ዓመት ሲሆነው በግራ ዐይኑ ላይ ዕጢ በቅሎበት ዐይኑ ወጣ፤ በምትኩም የመስተዋት ዐይን ተደረገለት። በ1922 ዓ.ም. ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ወደ ነበረው አጎቱ ሱቅ ሄዶ፣ አጎቱ በገዛ እጁ የሠራው ራዲዮ ከሱቁ ደጃፍ ሲጮኽ ሰማ። ያ ድምፅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቡ አልወጣም።

ነገር ግን ኮሌጅ ገብቶ የተማረው የሒሳብ አያያዝ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አንድም ትምህርት በክፍል አልተከታተለም፤ ያወቀውን ሁሉ ያወቀው መጻሕፍት እያነበበና የተበላሸ ራዲዮ እየፈታ ነው። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን እኛ ይኸን ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም።

በበረዶ ፋብሪካ ሒሳብ ጸሓፊ ሳለ አንድ የሙዚቃ ጓድ መሪ ለዳንስ ምሽት የሚሆን ድምፅ ማጉያ እንዲሠራለት ጠይቆት ስድስት ያህል ሠራለት። ኋላም የኢኮኖሚ ችግር በአሜሪካ በጠናበት ዘመን ሥራውን አጣ። በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሙዚቀኞችም የተቃጠለ ማጉያቸውን እየተሸከሙ ወደዚያ ይመጡ ጀመር።

እዚህ ላይ የዕቃውን ነገር በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሲርገበገብ፣ ከሥሩ ያለው በሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ኢምንት ኤሌክትሪክ ያወጣል። ይኸ ኤሌክትሪክ ወደ ራዲዮ ቫልቭ ይገባል። ቫልቭ ማለት አየር የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ነው። በውስጡ ከጋለው ብረት ኤሌክትሮኖች እየወጡ ወደ ሌላው ብረት ይሻገራሉ፤ በመካከላቸውም የሽቦ መረብ ተዘርግቷል። ገበሬ በትንሽ መዝጊያ የመስኖውን ውሃ እንደሚያዝዝ፣ ከጊታሩ የመጣው ኢምንት ኤሌክትሪክም በዚሁ መረብ ላይ ሆኖ ታላቁን የኤሌክትሪክ ጐርፍ ያዝዘዋል። ጐርፉ በትራንስፎርመር አልፎ ድምፅ ማውጫውን ያንቀጠቅጠዋል።

ሊዮ በ1945 ዓ.ም. ዶክ ካውፍማን ከተባለ ጓደኛው ጋር ሆኖ ጊታሮችና ማጉያዎች መሥራት ጀመረ። ካውፍማን ዕዳ ፈርቶ ሲለይ፣ ሊዮ በ1946 ዓ.ም. የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። ከዚህም ቴሌካስተርና ስትራቶካስተር የተባሉት ስመ ጥር ጊታሮች ወጡ።

የሚያስደንቀው ግን ይኸ ሰው ጊታር መምታት ይቅርና መቃኘት እንኳ አለማወቁ ነው። በዚህም ምክንያት በራሱ ጣዕም አልተመካም። አዲስ ማጉያ በሠራ ቍጥር ለሙዚቀኞች እየሰጠ፣ ማታ በየጭፈራ ቤቱ እንዲጫወቱበት ያደርግና የታየበትን ጕድለት ይጠይቃቸው ነበር። ዲክ ዴል የተባለው ብርቱ ጊታር መቺ ማጉያዎቹን ደጋግሞ ባቃጠለበት ጊዜም ጥፋቱን በሰውዬው ላይ አላላከከም፤ ከበድ ያለ ትራንስፎርመርና ጠንካራ ድምፅ ማውጫ ያለው አዲስ ማጉያ ሠራለት እንጂ።

ጠጋኝ ስለ ነበረም የሚያስበው እንደ ጠጋኝ ነው። የእያንዳንዱን ቫልቭ ዓይነትና ቦታ የሚያሳይ ወረቀት ከሣጥኑ ውስጥ ይለጥፍ ነበር። በዚህም ምክንያት ሥራው ለሌሎች መማሪያ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. በለንደን የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል ከባልደረቦቹ ጋር ዝነኛውን ማጉያ ሲሠራ፣ መነሻ ያደረገው የፌንደርን ቤዝማን ነበር። ዛሬም በቤቱ ማጉያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቻምፕ ከተባለው ከትንሹ የፌንደር ማጉያ ነው። ይኸኛው ሦስት ቫልቭ ብቻ ያለውና ኃይሉ 5 ዋት ያህል ነው። ሆኖም ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በኮንደንሰሮቹ ውስጥ 300 ቮልት ያህል ሊቀር ይችላልና፣ ይኸ ተፈትሾ ሳይወገድ እጅን መክተት ሞትን መጥራት ነው።

አንድ ነገር ግን ሊዮ እንዳሰበው አልሆነለትም። ቫልቭ ከዐቅሙ በላይ ሲታዘዝ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቈረጣል፤ ድምፁም ይሻክራል። ሊዮ ይኸን እንደ ጕድለት ቈጥሮ ጥርት ያለ ድምፅ ለማግኘት ሲደክም ኖረ። ወጣቶቹ ግን ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሻካራውን ድምፅ ወደዱት፤ የሮክ ሙዚቃም መለያው አደረገው። የሠሪው ነቀፋ ለተጫዋቹ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያም ሕመም መጣ። ሊዮ ለብዙ ጊዜ በያዘው የኢንፌክሽን በሽታ ተሠቃይቶ፣ የምኖረው ጥቂት ነው ብሎ ስላሰበ በጃኑዋሪ 1965 ዓ.ም. ፋብሪካውን ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም በብርቱ መድኃኒት አዳነው። ጤናውን አገኘ፤ ስሙ የተጻፈበት ፋብሪካ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ። ገንዘቡን ይዞ ማረፍ ሲችል ተመልሶ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ሙዚክ ማን በተባለው ኩባንያ ሠራ፣ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን አቋቋመ። የፓርኪንሰን በሽታ ይዞት እንኳ ሥራውን ሳይተው፣ ማርች 21 ቀን 1991 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንይዘው ይኸን ነው። ብዙዎች ያላወቁትን ነገር ላለማሳየት ይደክማሉ፤ እርሱ ግን አለማወቁን ሳይደብቅ የሚያውቁትን ሰዎች ጠየቀ። ፋብሪካውን ሊሸጥ ተገደደ፤ ስታኞ እያቀለጠ በየቤቱ ማጉያ በሚገጣጥመው ሰው እጅ ያለውን ዕውቀት ግን ማንም ሊገዛው አልቻለም።